ከጋፋት የወጣው መድፍ ብቻ አይደለም

በተማሪዎች ማኅበር የንባብ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የማኅበራችን የንባብ ክፍል «ሊነበቡና ሊታዩ ስለሚገባቸው ደራስያንና የፊልም ሰዎች አንድ ነገር ንገረን» ባለኝ ጊዜ፥ መጀመሪያ ያሰብሁት ሁላችን እንደምናደርገው ከሩቅ አገር ስም መጥራት ነበር። አንድ ሩስያዊ፥ አንድ ፈረንሳዊ፥ ዐዋቂ ለመምሰልም አንድ የላቲን አሜሪካ ሰው ጨምሬ ከመድረኩ ለመውረድ ተዘጋጅቼ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ጋፋት የወጣን ዕለት የሰማሁት ጨዋታ ነው።

አብራችሁን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ብረት የቀለጠበትን ቦታ እንፈልጋለን ብለን ስንዞር ያገኘነው ሣርና ድንጋይ፥ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅም ነበር። አንደኛው ጓደኛችን ጉብታው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያራገፈ፥ «እዚህ ምን አለ? ብረት ቀለጠ፥ መድፍ ወጣ፥ መድፉም ሄደ፤ አለቀ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄአለሁ። ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እውነት አለቀ? ጋፋት ስሙ ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ እስከ መሰጠት ደርሷል፤ በብረቱ በኩል የሚረሳው የለም። በብዕሩ በኩል ያለውን ግን እዚሁ ተቀምጠን የምንማር እኛ እንኳ አናውቀውም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስታውስ። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ወጣት ሚስዮናውያን፥ በኢየሩሳሌሙ ኤጲስ ቆጶስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ተላኩ። ለወንጌል የመጡት ሰዎች የእጅ ሙያ ነበራቸውና ንጉሡ ጋፋት ላይ አስፍረው መንገድ አሠሯቸው፤ ቀጥሎም መድፍ አስቀለጧቸው። ቫልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደር፥ ማየር፥ ኪንትስለን ይባላሉ። ከእነርሱም ጋር ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሃል ነበሩ። የሥራቸው ፍጻሜ ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚገመት መድፍ። በ1867 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት ተራራና ገደል እየተሻገረ በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው ነው፤ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሁን ስለ ሌላ ሰው ልጠይቃችሁ። ደብተራ ዘነብን የሚያውቅ እጁን ያንሣ።

(ሦስት እጆች ተነሡ፤ ሁለቱ የመምህራን ነበሩ።)

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህራችን፥ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተጀመረው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፥ እርሱም በሮማ በ1900 ዓ.ም. ታተመ፥ ብሎ አስጽፎን ነበር። የልብ ወለድን ነገር ከሆነ የተናገረው ልክ ነው። እኛ ግን ደብተራችን ላይ የጻፍነውና ለፈተና የሸመደድነው፥ ከዚያ በፊት በአማርኛ የተጻፈ ቁም ነገር እንደሌለ አድርገን ነው። ዘነብ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበረ ጸሐፊ ነው፤ ከአፈወርቅ ወደ ግማሽ መቶ ዓመት ይቀድማል። የንጉሡን ታሪክ ሲጽፍም እንደ ቀደሙት የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ጻፈ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እስከዚያ ድረስ አማርኛ የቤት፥ የገበያና የጦር ሜዳ ቋንቋ ነበር፤ ለነገሥታት ክብር የሚገባው ግዕዝ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ቴዎድሮስ ራሳቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1862 እ.ኤ.አ. የላኩትን ደብዳቤ በአማርኛ አስጽፈዋል። ዘነብም የንጉሡን ታሪክ በንጉሡ አንደበት ቋንቋ አደረገው።

አነባበቡስ እንዴት ነው? እኔ መጀመሪያ ሳነብ ይከብደኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከበደኝም። አንዳንድ ቃሉ ጠፍቶብናል፤ የአጻጻፍ ልማዱም ከእኛ ይለያል። ነገር ግን ጮኽ ብላችሁ ስታነቡት የምትሰሙት የጽሕፈት ቤት አማርኛ አይደለም፤ በእሳት ዳር የተቀመጠ፥ ነገር ዐዋቂ ሽማግሌ የሚያወራው አማርኛ ነው። የካሣ ኃይሉ ከቋራ መነሣት፥ ከአንዱ ጦርነት ወደ ሌላው መሻገሩ፥ በመጨረሻም ደረስጌ ላይ ዘውድ መጫኑ እየተከታተለ ይመጣል። እኛ ዛሬ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት «ከመሆኑ አንጻር» እና አራት «በሚመለከት» ስንደረድር፥ ዘነብ ግሡን ይዞ በቀጥታ ይሄዳል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጻፍ ላይ ያሉ ጓደኞቼ ቢቀኑበት ደግ ነው።

ነውር የለውም ማለቴ አይደለም። ዘነብ የንጉሡ ወዳጅ ነው፤ ወዳጅነቱንም አይሸሽግም። ትረካው የሚያቆመው በ1860 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለሆነ፥ መልካሙን ዘመን ነግሮን ክፉውን ሳያይ ብዕሩን ያኖራል። በ1866 እ.ኤ.አ. የጎንደርን መቃጠል፥ በሚቀጥለውም ዓመት ንጉሡ ለቀው ሲሄዱ የዚችኑ የደብረ ታቦርን መቃጠል ከእርሱ አታገኙም። ስለዚህ ከእርሱ ቀጥላችሁ የአለቃ ወልደ ማርያምን ታሪክ እንድታነቡ እለምናለሁ። ወልደ ማርያም ንጉሡ ከሞቱ በኋላ የጻፈ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት መራራነት አይቀባባም። ደራሲው ያልታወቀ ሦስተኛ የአማርኛ ታሪክም አለ። ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው፥ በየሻይ ቤቱ «ቴዎድሮስ እንዲህ ነበሩ፥ የለም እንዲያ ነበሩ» እያልን የምንጨቃጨቀውን ጭቅጭቅ፥ አባቶቻችን በብዕር ቀድመውን እንደተጨቃጨቁት ያያል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ዘነብን በመጀመሪያ ያሳተመው ማን ነው? ኤኖ ሊትማን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ነው፤ በርሊን ከተገኘ የእጅ ጽሑፍ አውጥቶ በአሜሪካ በፕሪንስተን በ1902 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ወልደ ማርያምን ያሳተመው ሞንዶን ቪዳይዬ የሚባል ፈረንሳዊ፥ በፓሪስ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ሉዊጂ ፉሴላ የሚባል ጣሊያናዊ በአገሩ አሳተመው። እኒህን ሰዎች አመሰግናቸዋለሁ፤ ያለ እነርሱ ዛሬ የማነብላችሁ ነገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን በዚህ አውራጃ አፈር ላይ የተፈጸመ፥ በአማርኛ የተጻፈ ታሪክ፥ የዚህ አውራጃ ልጅ ሊያነበው ሲፈልግ የሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት በር ማንኳኳት የሚገባው እስከ መቼ ነው?

ዘነብ ሌላም ሥራ አለው። «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» ይባላል። ታሪክ አይደለም፤ ስለ ሰው ጠባይ፥ ስለ ሀብትና ድህነት፥ ስለ ነፍስና ሥጋ የተነገሩ አጫጭር ሐሳቦች ናቸው። ባንድ ተቀምጦ የሚጨረስ አይደለም። ማታ ማታ ሁለት ሁለት ገጽ እያነበባችሁ ተኙ። አንዳንዱ ያስቃችኋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተነሥታችሁ ልትከራከሩት ታስባላችሁ፥ እኔም በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ተከራክሬዋለሁ።

ስለ ፈረንጆቹ መጻሕፍት ብዙ አልልም። ቫልድማየር ያየውን በጀርመንኛ በ1869 እ.ኤ.አ.፥ በኋላም የሕይወቱን ታሪክ በእንግሊዝኛ በ1886 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን ያገባ፥ አማርኛ የሚናገር ሰው ስለ ነበረ ከሌሎቹ ይልቅ ለአገሩ ቅርብ ነው። ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክና መልእክተኛው ራሳም የጻፏቸው ደግሞ የእስረኞች መጻሕፍት ናቸው፤ ሁለቱም በ1866 እ.ኤ.አ. ክረምት ወደ መቅደላ ከመወሰዳቸው በፊት ጋፋት ላይ ሰንብተዋል። በተለይ ብላንክ በሰንሰለት የታሰረ ሰው ቂም ይዞ ጽፏል፤ ይህን እያሰባችሁ አንብቡት። ከሁሉም በላይ ግን እኒህን መጻሕፍት ስታነቡ አንድ ጥያቄ በእጃችሁ ይኑር፤ ወናፍ የነፋው ማን ነው? ከሰሉን ያከሰለው፥ ጭቃውን የረገጠው፥ ማዕድኑን የተሸከመው ማን ነው? ንጉሡ ከፈረንጆቹ ጋር ሙያ እንዲማሩ ያስጠጓቸው የአገር ልጆች ነበሩ። ስማቸውን ፈልጉ፤ በብዛት አታገኙትም። ፈረንጁ የአገሩን ሰው ስም መጻፍ አላሻውም፤ የእኛም ጸሐፊ ቀጥቃጭን «ቡዳ» እያለ ከሚሸሽ ማኅበር የወጣ ነበርና ስሙን መጻፍ ክብር አልመሰለውም። ከእናንተ መካከል የታሪክ ተማሪ የሆነ ሰው የጥናት ርእስ ቢቸግረው ይኸው።

ስለ መጻሕፍት ሲነሣ መቅደላን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመድኃኔ ዓለም ስም ሊያሠሩት ላሰቡት ቤተ ክርስቲያን ብዙ የብራና መጻሕፍት መቅደላ ላይ አከማችተው ነበር። እንግሊዞች አምባውን በያዙ ጊዜ ዘረፉት፤ ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይመለሱልን ስንል እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ነገር ግን እርስ በርሳችን ስንሆን እውነቱን እንነጋገር፤ ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተወሰዱት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ የወሰዷቸውም የእንግሊዝ ወታደሮች አይደሉም። አንዱ ብራና ሁለት ጊዜ ተዘርፏል ማለት ነው። ይህን የሚናገር ሰው ለእንግሊዞች ጠበቃ ቆመ ተብሎ እንዳይታማ እለምናለሁ።

ጋፋት የሚለው ስም ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። በዚህ ስም የሚጠራ ሕዝብ ነበረ፤ የራሱም ቋንቋ ነበረው፥ የአማርኛ ዘመድ የሆነ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጕሞ ይዞ ሄደ፤ ጽሑፉ በኦክስፎርድ በቦድልያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከዚያ ወደ 180 ዓመት ቈይቶ፥ በ1947 እ.ኤ.አ.፥ ዎልፍ ሌስላው የሚባለው የቋንቋ ሊቅ በጎጃም በኩል ሲፈልግ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። አራት! ከእነርሱ አፍ የለቀመውን በ1956 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ አሳተመ። የሰዋስው መጽሐፍ ነው፤ እንደ ልብ ወለድ ያንበብ የሚል ሰው የለም። እኔ ግን ገጹን ስገልጥ የታየኝ፥ አራት ሽማግሌዎች በልጅነታቸው የሰሙትን ቃል አንድ በአንድ ለእንግዳ ሰው ሲቈጥሩለት ነው። ይኸው ሌስላው በኋላ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን በቸሃ ቋንቋ የተጻፈ ድርሰት ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሟል። ሣህለ ሥላሴም በተራው በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጻፈ፤ እንዲህ እያለ ነገሩ ዞሮ ጋፋት ይገባል።

ዞሮ ጋፋት መግባትን ካነሣሁ አይቀር፥ ፊልም ለምትወዱ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። መድፍ አቅላጩ ሞሪትስ ሃል ያገባት ሴት ካታሪና፥ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ነበረች። ከዚህ ጋብቻ በ1868 እ.ኤ.አ.፥ በዚያ በመቅደላ ዓመት፥ መግደላዊት የምትባል ልጅ ተወለደች። የመግደላዊት የልጅ ልጅ ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ፒተር ኡስቲኖቭ ነው! ደራሲ፥ ተዋናይ፥ የፊልም አዘጋጅ፤ በ«ስፓርታከስ» እና በ«ቶፕካፒ» ፊልሞች ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት የተቀበለው ሰው። «ስፓርታከስ»ን ያላየ ይመልከት፤ የባሪያ ነጋዴውን ሲጫወት የሚያስቀውና የሚያስጠላው ባንድ ፊት ነው። ሆኖም የእኔ ምርጫ በ1962 እ.ኤ.አ. ራሱ ያዘጋጀው «ቢሊ በድ» ነው፤ በመርከብ ላይ ሕግና ፍትሕ ሲጣሉ ያሳያል። የጋፋት ከሰል ጢስ የነካው ዘር እዚህ ድረስ ደረሰ። ጉብታው ላይ ተቀምጦ «አለቀ» ያለው ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን?

ወደ አገራችን ደራስያን ስመለስ፥ ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈውን ሁሉ ብዘረዝር ይመሻል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቴአትር ጽፏል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እንዲሁ። ሁለት ልብ ወለዶችን ግን እነሆ እላለሁ። አንደኛው የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ብርሃኑ የጎንደር ተወላጅና ጋዜጠኛ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን አጭር አድርጎ በመቍረጥ የአማርኛን አጻጻፍ መልክ ከለወጡት አንዱ ነው። ሁለተኛው የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ነው፤ በ1961 ዓ.ም. ታተመ። አቤ ስለ ቴዎድሮስ ሲጽፍ ልቡ አብሮ ይፈላል፤ ገጹ ወፍራም ነው፥ ንግግሩም ይረዝማል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ብርሃኑን እመርጣለሁ። ምክንያቴም ርእሱ ውስጥ ነው፤ የቴዎድሮስን ጐራዴ ብዙ ሰው ጽፎታል፥ እንባቸውን ርእስ ያደረገ ግን ጥቂት ነው። የአቤ ወዳጆች ከንግግሬ በኋላ በር ላይ ይጠብቁኝ።

ኃይሌ ገሪማን የምታውቁት «ጤዛ»ን ስላያችሁ ይሆናል። በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፥ በሚቀጥለው ዓመትም በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ከፍተኛውን ሽልማት የወሰደ ፊልም ነው። ከጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር፥ እናቱ ደጃፍ ተቀምጦ ለአገሩ ምን እንደሚጠቅም ሲያጣ፥ እዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ለብቻችን የተሠራልን ይመስለናል። እኔ ግን የምለምናችሁ ቀደም ያለውን፥ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ምርት፤ ሦስት ሺሕ ዓመት» የተባለውን እንድታዩ ነው። ቀለም የለውም፤ ጥቍርና ነጭ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ፊልሙ የተነሣው በ1974 እ.ኤ.አ. የለውጡ እሳት ሲቀጣጠል፥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። ገበሬው በሬውን ጠምዶ እርሻውን ሲያርስ ካሜራው ዝም ብሎ ይቆያል። ከከተማ ያደገ ሰው «መቼ ነው ነገሩ የሚጀመረው?» ይላል። ገበሬ ልጅ ከሆናችሁ ግን ነገሩ እንደ ተጀመረ ወዲያው ይገባችኋል። ከበደ ሳይሆን ከበቤ የሚባል፥ መሬቱን የተነጠቀ፥ ሰዎች ዕብድ የሚሉት አርበኛ አለ፤ የእርሱን ንግግር ስሙልኝ።

የኃይሌ አባት ገሪማ ታፈረም ደራሲና የቴአትር ሰው እንደ ነበሩ አትርሱ። «ጎንደሬ በጋሻው» የሚለው መጽሐፋቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን የዚህን አገር አርበኞች ተጋድሎ ይተርካል። አባት በብዕር የያዘውን ልጅ በካሜራ ያዘው፤ አባቱን አንብባችሁ የልጁን ፊልም ብታዩ ከበቤ ከየት እንደ መጣ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። እስካሁን የተናገርሁት ስለ ታተመና ስለ ተቀረጸ ነው። ይህ አገር ግን ከብራናው ይልቅ በቃል የያዘው ይበዛል። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፥ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት፤ የሁለቱም ስም ከዚሁ ከእኛ ደጋ ነው። የተክሌ አቋቋም ሲነሣ የደብረ ታቦር ስም አብሮ ይነሣል፤ የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና ጀምረውት በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠራ ይባላል። ስለ አለቃ ገብረ ሐና የምናውቀው ቀልዳቸውን ነው፤ የሥነ ጥበብ ሰው፥ የእግርና የመቋሚያ እንቅስቃሴ ደራሲ መሆናቸውን ግን እንዘነጋለን።

የእናቴ አባት በልጅነቱ ቤተ ልሔም ቈሎ እየለመነ የተማረ ነበር። ማታ ማታ ብቻውን ሲያዜም፥ እኛ ልጆቹ ራዲዮ እንዳንሰማ አደረገን ብለን እናጉረመርም ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አባባ፥ ይህ ምንድን ነው? ከማን ተማርኸው?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት ዐረፈ። ሌስላው አራቱን ሽማግሌዎች ፈልጎ ያን ያህል መንገድ ሄደ፤ እኔ ግን በአንድ ጣራ ሥር አድሬ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የዘነብ ታሪክ ፎቶ ኮፒ አንድ ብቻ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ከነገ ጀምሮ በተራ ይሰጣል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ቀን ነው፥ በእርሳስም ሆነ በእስክሪብቶ መጻፍ ክልክል ነው፤ እኔ «መጽሐፈ ጨዋታ» ላይ ያደረግሁትን አትከተሉ። የኃይሌ ገሪማ ፊልም የሚታይበት ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። አያቱ ወይም ጎረቤቱ ድጓ፥ ዝማሬ ወይም አቋቋም የሚያውቅ ተማሪ ካለ፥ በዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ በስልኩ ቀድቶ፥ የባለ ዜማውን ፈቃድ ጠይቆ ያምጣልን። ጋፋት ላይ «አለቀ» ያለው ጓደኛዬም ለዘነብ ተራ ስሙን አስመዝግቧል፤ ሁለተኛ ነው። አንደኛ የተመዘገቡት ከመምህራን አንዱ ስለሆኑ በሦስት ቀን እንዲመልሱ እናንተው አስታውሱልን።